ግማሹ አመድ

ዳቦው ከአጎዛው ሥር ተገኘ። ተናኘ መኝታውን ልታራግፍ አጎዛውን ስታነሣ ቁራሾቹ መሬት ወደቁ። አንዱ የትናንት ነው፤ ሌሎቹ ሻግተዋል። ጎንበስ ብላ ለቀመቻቸው። የገዛ እጇ የጋገረችው ዳቦ ነው።

ቡዜ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። የባሏ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመት አልሞላትም። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ አንገቷ ከሰሞኑ ቀጥኗል።

"ቡዜ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ዳቦ።"

"ዳቦ መሆኑንማ አየሁ። በላሁ አላልሽኝም ነበር?"

ልጅቷ የበሩን መቃን በጥፍሯ ፋቀች።

"አይጥ ነው ያስቀመጠው።"

"አይጥ ዳቦ ያስቀምጣል?"

"የኛ ቤት አይጥ ያስቀምጣል።"

ተናኘ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ግን ልጅቷ አልሳቀችም። የተያዘ ሌባ እንደሚያይ አየቻት፤ ከዚያ ወጥታ ሮጠች። ወዴት እንደምትሄድ ተናኘ ታውቃለች። ወደ ጎረቤት ነው፤ የሰው ቆሎ ልትለምን።

ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም። ተናኘ አምና በንቲን አግብታ ላፍቶ ስትገባ፣ ልጅቷ እናቷን ገዲሴን ከቀበረች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ቀሚሷን ይዛ ትከተላት ነበር። ፀጉሯን ስትሠራት ጭኗ ላይ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ነገሩ የተበላሸው በገና ነው። ከፉሪ፣ ከባሏ እናት፣ አንድ ጆንያ ገብስ በአህያ ተጭኖ መጣ። ተናኘ ከላይ ዘግና አስፈጨች፤ ጋገረች። በንቲ ተረኛ ስለነበር ከልጅቷ ጋር ሁለቱ ብቻ በትኩሱ በሉ። ሲመሽ ቡዜ እንደ ሰካራም ተንገዳገደች። "ግድግዳው እየሄደ ነው" አለች፤ አስመለሳት። ተናኘም ራሷ ዞረባት፤ እሷንም አስመለሳት። በነጋታው ሁለቱንም ተዋቸው።

ጎረቤት ተሰብስቦ ፈረደ። ለልጅቷ ምች ነው አሉ። አዲስ ገብስ ሆድ ይረብሻል ያሉም ነበሩ፤ ጆንያው ጥግ ተቀመጠ። ለተናኘ ግን ሳቁላት። "አረገዝሽ" አሏት። በንቲ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው፤ ለእናቱ መልእክት ሰደደ። ተናኘም አመነች። ብስራተ ገብርኤል ሄዳ ተሳለች።

ከዚያ በኋላ የወር ልማዷ መጣ። ለማንም አልተናገረችም። ልጁ መጥቶ ሄዷል ብላ፣ ሰው ሳያያት ጓሮ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ቡዜ ከገና ወዲህ ከተናኘ እጅ አትበላም። አባቷ ከሰጣት ትበላለች። ጎረቤት ከሰጣት ትበላለች። አባቷ ግን ሌሊት ዘበኛ ነው፤ ጎረቤትም ሁልጊዜ አይሰጥም።

በንቲ ከንፋስ ስልኩ ጣቢያ ተረኝነቱን ጨርሶ ሲገባ ፀሐይ ወጥታለች። ካፖርቱን አወለቀና ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ቁጭ አላለም።

"እናቴ ዛሬ ትመጣለች" አለ። "ሰው ልካብኛለች።"

"በደኅና ነው?"

"ቡዜን ልትወስዳት ነው።"

ተናኘ እጇ ላይ ያሉትን የሻገቱ ቁራሾች በነጠላዋ ሸፈነች።

"ለምን ትወስዳታለች? ቤት የላትም?"

"ለምን ትይኛለሽ? ልጅቷን አታያትም? ሰው ሁሉ ያወራል። የእንጀራ እናቷ እህል ነሣቻት ይላሉ።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ ምን እላለሁ? ሌሊት ዘበኛ፣ ቀን ሬሳ ነኝ።" ዓይኑን አሸ። "ጠልተሻት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ፉሪ ሄዳ ትሰንብት። አንቺም በዚህ ሰውነትሽ አትድከሚ። ስትወልጂ ትመለሳለች።"

ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። ልትነግረው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። እሱ ግን መጋረጃውን ገልጦ ገባ፤ አልጋው ተንቋቋ።

አማቷ ልጅቷን ከወሰዱ እንደማይመልሱ ታውቃለች። "ስትወልጂ" የተባለው ቀን አይመጣም። ሴትዮዋ ልጅ አስርባ አባረረች ይባላል፤ አባባሉም እስክትሞት ይከተላታል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ጭኗ ላይ የተኛውን የልጅቷን ራስ ክብደት አልረሳችም።

ለአማት የሚቀርብ ዳቦ መኖር አለበት። ከገበያ የገዛችው ዱቄት ትናንት አልቋል፤ ቤት ያለው እህል ያ የገና ጆንያ ብቻ ነው። ወደ ደጅ ጎትታ አወጣችው፤ ጥቂቱን ሰፌድ ላይ ዘረገፈችና ማበጠር ጀመረች። ማበጠሩን እንኳ በወጉ አልተማረችም። ያደገችው ቂርቆስ ሰው ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ዱቄት ተፈጭቶ ነበር የሚመጣው።

"ነፍሰ ጡሯ! ምን ጆንያ ትጎትቺያለሽ?" ጎረቤቷ አሰገደች በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ጠላ ሻጭ ናት፤ ድምፅዋ ከሰውነቷ ይቀድማል። "ምነው ፊትሽ? ሰው ሞተ እንዴ?"

"አማቴ ቡዜን ሊወስዷት ነው።"

"ይውሰዷታ! አንቺ ምን አቃጠለሽ? የሰው ልጅ እሾህ ነው።"

"የእንጀራ እናት እባላለሁ፣ አሰገደች። እንጀራዬን ካልበላች ምን ልባል ነው?"

አሰገደች ነገር ለመቀየር ያህል ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ዘገነች። መዳፏ ላይ ዘረጋችው፤ እፍ አለችበት። ቅንድቧ ተነሣ።

"ይኼን ነው ለሰው የምታበዪው?"

"ምን ሆነ?"

"ምን ሆነ ትላለች! ይኼ ቀጭኑ፣ ይኼ ግራጫ የመሰለው፣ እንክርዳድ እኮ ነው። ግማሹ እንክርዳድ ነው!"

"ቀጫጫ ገብስ መስሎኝ።"

"አይ የሰው ቤት ልጅ! ወንጌል ሲነበብ አልሰማሽም? ጠላት መጥቶ በስንዴው መካከል ዘራ ሲባል? ይኸውልሽ፣ እሱ ነው።" ሳቀች። "ለጠላ ግን እንዴት ያለ ነው መሰለሽ። ሁለት ጣሳ የጠጣበት ሰው ቤተ ክርስቲያን መስሎት አጥሬን ይሳለማል።"

"ሰው ዳቦ አድርጎ ቢበላውስ?"

"ይዞርበታላ። ያስመልሰዋል። ግድግዳው ይሄድበታል። ልጅማ ከሆነ ይጥለዋል።"

ተናኘ ሰፌዱን አስቀመጠች። ግድግዳው ይሄድበታል። ልጅቷ ያለችው ይኼንኑ ነው። እሷም ያን ማታ ምሰሶውን ይዛ የቆመችው በዚሁ ነው። ማርገዟን የነገራት ያ ማዞር ነበር፤ ሌላ ምልክት አልነበራትም። እንግዲያ መጥቶ የሄደ ልጅ የለም። ጭራሽ አልመጣም። ጓሮ ቁጭ ብላ ያለቀሰችለት እንክርዳድ ነበር።

"ምነው? ዞረብሽ እንዴ ሳትበዪው?" አለች አሰገደች።

"አይ።"

"ስሚ፣ እኔ ቤት ለነገ ያቦካሁት የስንዴ ሊጥ አለ። እሱን ውሰጂና ለአማትሽ ጋግሪ። ይኼን ለኔ ጠላ ተዪልኝ።"

"ውሰጂው።"

አሰገደች ጆንያውን ጎትታ ስትሄድ ተናኘ ከሰፌዱ አንድ እፍኝ አስቀረች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ለምን እንዳስቀረችው ያን ጊዜ ራሷም አላወቀችም።

አማቷ እማማ ሸጊቱ የመጡት ዳቦው ከምድጃ እንደወጣ ነው። ከፉሪ በእግራቸው ነው የመጡት፤ አቧራው ጉልበታቸው ደርሷል። ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ምርኩዛቸውን የሚይዙት ለመደገፍ ሳይሆን ለውሻ ነው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ለተናኘ አቀበሏት።

"ለአራስ ቤትሽ ነው። ዋቃ በሰላም ይገላግልሽ።"

ተናኘ ተቀበለች። ከባድ ነበር።

"አኮ!" ቡዜ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ የአያቷ ቀሚስ ላይ ተጠመጠመች። አያቷን በኦሮምኛ እንዲህ ነው የምትጠራቸው። አሮጊቷ የልጅቷን ክንድ ዳበሱ፤ ጎኗን ዳበሱ። ገበያ ላይ በግ እንደሚዳሰስ።

"አጥንት ነው" አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

ተናኘ አስቀመጠቻቸው፤ እጃቸውን አስታጠበች። ዳቦውን ቆረሰች፤ እንደ ደንቡ ቀድማ ቀመሰችና አቀረበች። አሮጊቷ በሉ። ቡዜ አልነካችም።

"ብዪ እንጂ።"

"አልበላም፣ አኮ።"

"እሷ ቀመሰችው፤ እኔም በላሁት።"

ልጅቷ ወደ አያቷ ጆሮ ተጠጋችና በኦሮምኛ አንሾካሾከች። የአሮጊቷ መንጋጋ መላመጡን አቆመ።

"ምን አለች?" አለች ተናኘ።

"ምንም አላለች። ዕቃዋን አዘጋጂልኝ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙን እንሻገር።"

"እማማ፣ ይንገሩኝ። የኔ ቤት ነው፤ የኔ ዳቦ ነው።"

እማማ ሸጊቱ አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ተረት ነው። የመስቀል ለት የነገርኋት።"

"ምን ዓይነት ተረት?"

"አሁን ቀን ነው። ተረት በቀን አይነገርም። በቀን ተረት የተነገረበት ቤት ከብቱ ይጠፋል።"

"የኛ ላሞች ተሽጠዋል፣ አኮ" አለች ቡዜ።

እውነቷን ነው። ግጦሹ ታጥሮ ቪላ ከተሠራበት በኋላ በንቲ ላሞቹን ነድቶ ሸጧል፤ በረቱ ማገዶ ሆኗል።

"እንዲያ ከሆነ የሚጠፋብን የለም" አለች ተናኘ። ልጅቷ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። "አንቺ ንገሪኝ።"

ቡዜ አያቷን አየች። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን አዩ፤ አልከለከሉም።

"ተረት ተረት" አለች ልጅቷ በቀጭን ድምፅ።

"የላም በረት" አለች ተናኘ።

"አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ሞተች። አባቷ ሌላ ሴት አመጣ። ሴትዮዋ ጥሩ ነበረች፤ ፀጉሯን ትሠራት ነበር፤ ማር ታልሳት ነበር። ከዚያ ሆዷ ገፋ። ሆዷ ሲገፋ፣ 'የኔ ልጅ መጣልኝ፤ ይቺ ምን ታደርግልኛለች' አለች። ዳቦ ጋገረች። ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ አመድ።" እጇን ለሁለት ከፍላ አሳየች። "ልጅቷ 'አልበላም' አለች። ሴትዮዋ 'ይኸው እኔም እበላለሁ' ብላ በዱቄቱ በኩል ገመጠች። ልጅቷ በአመዱ በኩል በላች። ቤቱ ዞረባት። ግድግዳው ሄደባት። ከዚያ ድንጋይ ሆነች።"

"ድንጋይ ሆና ቀረች?"

"አልቀረችም። አያቷ መጣች። ድንጋዩን በቅቤ ቀባችው። ድንጋዩ አለቀሰ፤ ልጅ ሆነ። አያቷ ወደ ቤቷ ወሰደቻት።"

"ሴትዮዋስ?"

"ጅብ በላት" አለች ቡዜ፣ ዝናብ ዘነበ እንደሚባለው ዓይነት። ከዚያ በለመደችው አፏ ቀጠለች፤ "ተረቴን መልሺ፣ አፌን በዳቦ አብ..."

በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

እማማ ሸጊቱ በረጅሙ ተነፈሱ። "ከአፍሽ ወጥቷል። የሰማ ያብሳል። አፉ ያልታበሰ ሰው ከተረቱ አይወጣም።"

ተናኘ ወደ ዳቦው እጇን አልሰደደችም። ቅቤውን አየች፤ ከመሶቡ አጠገብ ነው ያለው፣ ቅጠሉ ላብ አውጥቷል። ዝም ብትል ቅቤው የእሷ ነው፤ ነፍሰ ጡር ተብላ ለጊዜው ትከበራለች፤ ልጅቷ ግን ትሄዳለች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። እህሉን መዳፏ ላይ አፍስሳ ለቡዜ አሳየቻት።

"አመዱ ይኼ ነው።"

ልጅቷ አንገቷን አሰገገች።

"አመድ አይመስልም።"

"እንክርዳድ ይባላል። ከገብሱ ጋር ነበር። እኔ አላወቅሁትም፤ ገብስ መስሎኝ አስፈጨሁት። የዞረብሽ በሱ ነው።"

"አንቺም በላሽው?"

"በላሁት።"

"በየት በኩል?"

"በየትም በኩል አንድ ነው። ዳቦው ሁሉ እሱ ነበር። እኔም ዞረብኝ፤ አላየሽኝም?" ከዚያ ቅቤውን አንሥታ ከአማቷ ጉልበት አጠገብ አስቀመጠች። "ይኼን ይመልሱት፣ እማማ። ነፍሰ ጡር ናት ያላችሁኝ በዚያ ማዞር ነው። እኔም አምኜ ነበር። ሆዴ ውስጥ ምንም የለም።"

ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ተንቋቋ። ሰው አልወጣም።

"በንቲ ያውቃል?" አሉ አሮጊቷ።

"አሁን ሰማ።"

እማማ ሸጊቱ ከተናኘ መዳፍ ላይ ጥቂት ፍሬ አነሡ። በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት።

"የወንዝ ዳሩ ማሳ ነው" አሉ። "አምና አልታረመም። ማን ያርመዋል? ልጆቹ ሁሉ ፋብሪካ ገቡ። ሴት ናት፣ ትለቅመዋለች ብዬ ላክሁት።" ቀና ብለው አዩዋት። "እንክርዳድ የማታውቅ ሴት አለች ብዬ አላሰብኩም።"

"ይኸው አለች።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ስለ ሆድሽስ?"

ተናኘ መዳፏ ላይ የቀረውን እህል ነጠላዋ ጫፍ ላይ መልሳ ቋጠረች። "ስለ ሆዴ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ዝም አልኩ።"

አሮጊቷ ቅቤውን አላነሡት፤ አልገፉትም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚከፋፍል ሰው እዚያ ቤት አልነበረም።

ቡዜ ተነሣች። ከመሶቡ አንድ ቁራሽ ዳቦ ወሰደች። ገለበጠችው፤ አሸተተችው፤ ለሁለት ገመሰችው። አንዱን ግማሽ ወደ ተናኘ ዘረጋች።

"ይኼን ብዪ።"

ተናኘ እጇን ስትሰድድ ልጅቷ ሰበሰበች። ጥቂት አሰበች። ሌላውን ግማሽ ዘረጋች።

"አይ፣ ይኼን።"

ተናኘ ተቀብላ ጎረሰች። ደረቅ ነበር፤ ውኃ ግን አልጠየቀችም። ቡዜ ቀርባ ጉሮሮዋን አየች፤ እስክትውጥ ድረስ አየች። የመጨረሻውም ጉርሻ ሲወርድ በእጇ የቀረውን ግማሽ ለተናኘ ሰጠቻትና ፊቷን አቀረበች።

"አብሺኝ።"

አፏን ግን አልከፈተችም። ከንፈሮቿን ገጥማለች፤ ዓይኖቿንም ጨፍናለች። ተናኘ የተገጠመውን አፍ በዳቦው ቀስ ብላ አበሰች፤ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ። ፍርፋሪው አገጯ ላይ ቀረ።

ቡዜ ዳቦውን መልሳ ወሰደች። ተናኘ ወደ አጎዛው የምትሄድ መሰላት። ልጅቷ ግን የመሶቡን ክዳን አንሥታ ዳቦውን አስቀመጠችና ከደነችው።

"ማታ እበላዋለሁ" አለች። "አንቺ ካልዞረብሽ።"

"እኛ ማታ ፉሪ ነን" አሉ አያቷ።

"ማታ ድረስ ቆዪ፣ አኮ። ልያት።"

እማማ ሸጊቱ በበሩ ወደ ፀሐይዋ አዩ። ወንዙ ሩቅ ነው፤ ጅቡም ተረት ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም። ምርኩዛቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

የተናኘ እንስራ ባዶ ነበር። ምንጭ መውረድ አለባት፤ ማገዶም አልለቀመችም። መጋረጃው ጀርባ የሚጠብቃት ነገርም አለ። አንዱንም አላደረገችም። በርጩማዋን አንሥታ ብርሃን ወዳለበት፣ ከበሩ ደፍ አጠገብ፣ ልጅቷ ከምታያት ቦታ ላይ አኖረችው፤ ጀርባዋን አቅንታ ተቀመጠች።